ትርፍ ክር

በልጅነቴ ሁለት ነገር ያለ ጥርጥር አውቅ ነበር። አንደኛ፣ በዓለም ላይ ካሉ መምህራን ሁሉ እንደ አባቴ የሚፈራ አልነበረም። ሁለተኛ፣ አባቴ ከባድ ነገር በገጠመው ቀን ያዳንኩት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ስህተት መሆኑን ያወቅኩት በዚያው ዓመት ነው። የሁለተኛውን ለማወቅ ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያወቅኩትም ባለፈው እሁድ፣ ምሳ በልተን ከእናቴ ጋር ሳህን ስናጥብ ነው።

መጀመሪያ ስለሚፈራው አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምማረው ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እናቴ ያለቀላቸውን ልብሶች ለባለቤቶቻቸው ልታደርስ ስትወጣ እኔን አባቴ ክፍል ጥላኝ ትሄዳለች። ቦታዬ የመጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ነበር። እግሬ መሬት ስለማይደርስ እያወዛወዝኩ እሰማለሁ።

በሌሎቹ ክፍሎች ወንበር ይጎተታል፣ ቦርሳ ይወረወራል፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞር ወረቀት ይበራል። አባቴ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ወንበር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በረድፎቹ መሀል ቦርሳ አይቀመጥም። ጠመኔው ሁልጊዜ ከሰሌዳው ሥር በስተቀኝ፣ ዳስተሩ በስተግራ ነው። እነዚያ ሃምሳ ጎረምሶችና ኮረዶች ሲገቡ አንድ በአንድ "ደህና ዋሉ ጋሼ" ይላሉ። መናገር የፈለገ እጁን አያወጣም፤ "የመስኮቱ ረድፍ ሦስተኛ ነኝ ጋሼ" ይልና እስኪፈቀድለት ይጠብቃል። ወታደር ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ድምፁን ሳያነሳ፣ ዱላ ሳይዝ ይህን ሁሉ ሰው ቀጥ አድርጎ መግዛቱ ያኮራኝ ነበር። ለጓደኞቼም አባቴ አንድ ጊዜ ካፈጠጠ ትልልቆቹ ተማሪዎች እንደሚንቀጠቀጡ አውርቼላቸዋለሁ።

አባቴ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነበር። ማፍጠጥማ ከየት ይምጣ? ያን ዓመት የዓይኑ ብርሃን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የቀረው ጭላንጭል ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ያውቁ ነበር። ወንበር የማያንቀሳቅሱት እንዳያደናቅፈው፣ ቦታቸውን የሚናገሩት ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር እንዲያውቅ ነው። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ተሰብስበው ራሳቸው ነው የተስማሙት። እናቴም ታውቃለች። ዳይሬክተሩም ያውቃሉ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ዝም ብለው ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያልነገሩኝም በገዛ ምላሴ ምክንያት ነው። ቤታችን ውስጥ የሚጠሩኝ "ሬዲዮ" ብለው ነበር፤ እኔ የሰማሁትን ሰፈሩ ሳይሰማ አይመሽም።

ስለዚህ የማየውን ሁሉ በራሴ መንገድ እተረጉም ነበር። እናቴ ስፌቷን አቁማ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና "ትክክል"፣ "ስህተት"፣ "ግማሽ ስጪው" ይላል። እኔ እናቴ ትምህርቷን በትልቅነቷ ልትጨርስ እየተፈተነች ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ጊዜ ሦስት ተከታታይ ጥያቄ "ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት" ሲላት አዝኜላት ውሃ አመጣሁላት። አመስግናኝ ጠጣች።

ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። የእኔ ሥራ ትርፍ ክር መልቀም ነበር። ልብስ ተሰፍቶ ሲያልቅ በየስፌቱ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ክር በትንሿ መቀስ፣ ጨርቁን ሳልነካ፣ ከሥሩ እቆርጣለሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ ልብሱን ወደ ብርሃን ታነሳና አንዲት ክር ካገኘች መልሳ ትሰጠኛለች። "ክር የተንጠለጠለበት ሥራ አላለቀም" ትል ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ቀልድ አላውቅም።

የአባቴን ትምህርት ከሁሉ በላይ የወደድኩት ስለ ሰውና ስለ ቦታ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። ባህላዊ ጂኦግራፊ ይሉታል። መጽሐፉ ውስጥ ስድስት ገጽ ብቻ ነበር፤ አባቴ ግን ሦስት ወር አስተማረው።

"ቦታ ማለት መሬቱ ብቻ አይደለም" ይላቸዋል። "ሰው እዚያ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ማን ይቀመጥበታል? ማን ይፈራዋል? ስሙን ማን አወጣለት? እነዚህን ጠይቃችሁ ኑ።"

የቤት ሥራው እንደ ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ ለክፍሉ ይናገራል፤ ነገር ግን "ታያለህ" ማለት ክልክል ነው። "ያውና"፣ "ቀዩ በር"፣ "ረጅሙ ፎቅ" ማለትም አይቻልም። በድምፅ፣ በሽታ፣ በእግር፣ ሰዎቹ እዚያ በሚያደርጉት ነገር ብቻ መናገር አለበት። በዓይን የሚታይ ነገር የጠቀሰ ወዲያው ይቀመጣል።

በዚህ ጨዋታ ማንም የማያሸንፋት አንዲት በጣም ረጅም ልጅ ነበረች። በቁመቷ ምክንያት ተማሪዎቹ "ሰንደቅ" ይሏታል። "ከቤት ወጥቼ መንገዱ ወደ ታች ይወስደኛል፣" ትላለች። "እግሬ ሳልፈልግ መቸኮል ሲጀምር አናጢው ጋ ደርሻለሁ፤ የእንጨት ብናኝ ጉሮሮዬን ይከረክረዋል። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮው ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ኋላዬ ሲቀር እታጠፋለሁ።"

አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማታል። "ድገሚው እስቲ፣ ከአናጢው በኋላ ስንት እርምጃ ነው?" ይላል። ትደግመዋለች። እኔ ይህን ያህል ተማሪዎቹን ማድከሙ ይገርመኝ ነበር። እሱ ግን መንገዱን እያጠና ነበር። ካደግኩ በኋላ እናቴን "ያኔ እያስተማረ ነበር ወይስ እየተማረ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሳታስብ "ሁለቱንም ነዋ" አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳይሬክተሩ እቤታችን መጡ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ወፍራም ስለሆኑ ሲቀመጡ ወንበራችን ያቃስታል። እኔን ወደ ጓዳ ሰደዱኝና ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

"ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢንስፔክተር ይመጣል፣" አሉ ዳይሬክተሩ። "አንተ ክፍል ይገባል። ስምህን ጠቅሶ ነው የጻፈልኝ። አንድ ሰው ነግሮታል መሰለኝ።"

"ይግባ፣" አለ አባቴ።

"ይግባ ማለት ምንድን ነው? ካርታ ላይ ሲያቆምህስ? እኔ እስከ ዛሬ ሸፍኜሃለሁ። እሱ ካወቀ ግን ከክፍል አውጥቶ ንብረት ክፍል ነው የሚከትህ፣ እወቀው።"

"ከዚያ ቢገድሉኝ ይሻለኛል፣" አለ አባቴ። እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ እየሰፋች ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

የትምህርት ቤቱን ንብረት ክፍል አውቀዋለሁ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ በሩ በትልቅ ቁልፍ የሚቆለፍ ክፍል ነው። እግር የሌላቸው ወንበሮች፣ ነፋሳቸው የወጣ ኳሶች፣ የተሰበረ ደወል አሉበት። አባቴን ከእነሱ ጋር ሊቆልፉበት መሆኑን ተረዳሁ። ምግብ በየትኛው ቀዳዳ እንደማቀብለው ሁሉ አሰብኩ። ንብረት ክፍል መከተት ማለት የዕቃ ጠባቂነት ሥራ መስጠት መሆኑን፣ ደሞዙም እንደማይቀነስ፣ አባቴ የፈራው ከተማሪዎቹ መለየትን ብቻ እንደነበረ ማን ይንገረኝ? ለአባቴ ግን የፈራው ነገር እኔ ከገመትኩት የቀለለ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት አባቴ የክፍሉን ትልቁን የዓለም ካርታ ተሸክሞ ቤት ገባ። ጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት፣ ከላይና ከታች እንጨት ያለው፣ የሚጠቀለል ካርታ ነው። ለሦስት ሳምንት ከበሩ ኋላ ተጠቅልሎ ቆሞ አየዋለሁ። የተዘረጋ ጊዜ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ የምትዘረጋው ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ልብስ ልታደርስ፣ ያን ቀን ክፍል ያልነበረው አባቴ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጡ። ቤት ጠብቂ ተባልኩ። አባቴን እንዴት እንደማድነው ሳሰላስል ካርታው ትዝ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል። ካርታውስ?

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የሆነውን ሳይ አፌን ከፈትኩ። ካርታው በሙሉ ክር ነበር! ሰማያዊ ክር፣ ቀይ ክር፣ ቡናማ ክር፣ ትልቅ ቋጠሮ፣ ትንሽ ቋጠሮ፣ ጫፉ ያልተቆረጠ፣ በየቦታው ጉብ ጉብ ያለ። እማዬ የተቀደደ ካርታ ጠግናለች፣ ሥራ ስለበዛባት ግን ትርፍ ክሩን ለእኔ ሳትሰጠኝ ረስታዋለች አልኩ። ሰማያዊው ክር ወንዞቹ ላይ፣ ቀዩ ቋጠሮ ከተሞቹ ላይ፣ ቡናማው ተራሮቹ ላይ መሆኑን አይቻለሁ። ትልቅ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ እጁን ይሰበስብ ነበር። እኔ ግን ቀለሙን እንዴት ብታዛምደው ነው ብዬ እናቴን አደነቅኩ።

መቀሷን አነሳሁ።

ሙሉ ከሰዓቱን ሠራሁ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ወረቀቱን ሳልቀድ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ ከሥሩ ቆርጬ፣ ረጃጅሞቹን በጥፍሬ መዝዤ አወጣሁ። ስጨርስ መዳፌን ከዳር እስከ ዳር አሳለፍኩበት። ልስልስ ብሏል። ጠቅልዬ፣ እንደነበረው አስሬ፣ ከበሩ ኋላ አቆምኩት። ክሮቹን ሰብስቤ ውጭ ጣልኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ በማግስቱ ሁሉም በአንድ ላይ ይደነቁ ብዬ ያን ቀን ሬዲዮው ተዘጋ።

ሮብ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ገቡ። ቀጭን፣ ነጭ ፂም ያላቸው፣ ጫማቸው የሚንቋቋ ሽማግሌ ነበሩ። ዳይሬክተሩ በሩ ጋ ቆሙ። ኢንስፔክተሩ ደግሞ ባዶ ወንበር ያገኙት እኔ አጠገብ ስለነበር ከጎኔ ተቀመጡና ማስታወሻ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፈቱ።

"ሰው ለምን ወንዝ ዳር ይሰፍራል?" ብሎ ጀመረ አባቴ። ካርታው ተሰቅሏል። አባቴ ጀርባውን ለካርታው፣ ፊቱን ለተማሪዎቹ እንዳደረገ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የግራውን ጠርዝ ያዘ። "ከአንድ ትልቅ ወንዝ እንነሳ" አለ። ሁለት ስንዝር ለካ። ጣቶቹ ቆሙ።

ትንሽ ወደ ላይ ሄዱ። ትንሽ ወደ ታች። እንደገና ከጠርዙ ጀምሮ ሁለት ስንዝር ለካ። አሁን ዞር አለና መዳፉን በሙሉ ዘርግቶ ካርታውን ዳበሰው፤ ቀስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ልስላሴው ገርሞት ነው! ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ኢንስፔክተሩን ቀና ብዬ አየሁና "የእኔ ሥራ ነው" ልላቸው ምንም አልቀረኝም። የአባቴ ግንባር ላይ ላብ ነበር። ሙቀቱ ነው አልኩ።

ዳይሬክተሩ ከበሩ ጋ ሳል አሰሙ። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

"ጋሼ፣ የመሀሉ ረድፍ መጨረሻ ነኝ፣" አለች ሰንደቅ። ሳይፈቀድላት ተነስታ ቆማለች። "ዛሬ ካርታው ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ ብለውን ነበር እኮ። ረሱት እንዴ?"

የአባቴ መዳፍ አሁንም ካርታው ላይ ነው።

"አዎ ጋሼ! ብለውናል!" አለ አንዱ ከመስኮቱ በኩል። "ብለውናል! ብለውናል!" አለ ክፍሉ በሙሉ። እኔ እንዲህ ማለቱን አልሰማሁም ነበርና እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ሃምሳ ልጅ በአንድ አፍ ሲዋሽ የሰማሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ብያችኋለሁ?" አለ አባቴ በመጨረሻ።

"ብለውናል።"

"እንግዲህ ካልኩማ ብያለሁ፣" አለና እጁን ከካርታው አነሳ።

ሰንደቅ መጥታ ጣቷን ወንዙ ላይ አደረገች። ውሃው ከየት እንደሚነሳ፣ የት ላይ እንደሚዘገይ፣ ሲዘገይ ደለሉን ጥሎ ሰው እንዴት እንደሰፈረበት ተናገረች። ሌሎቹ ጠየቋት፣ ተከራከሯት። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ እየሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ ድንገት "በቃ፣ ካርታውን እዚሁ እንተወው፣" አለ። "ይሄ ካርታ የማያውቀው መንገድ አለ። ተነሱ፣ ወደ ውጭ እንውጣ። ጌታዬ፣ እርስዎም ከፈቀዱ።"

ኢንስፔክተሩ ደብተራቸውን ይዘው ተከተሉን። አባቴ እጁን ሰንደቅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ከፊት ሄደ። ቅናት ያዘኝ፤ ሁልጊዜ ከእኔ እሷን ያስበልጣል አልኩ። ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ለመሪነት እንደማይመቸው አላወቅኩም።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሞ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። "ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት እዚህ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?"

"ግድግዳው ስለሚሞቅ፣" አለች አንዲት ልጅ። "ከጀርባው ምድጃ አለ። አያቴ ዳቦውን አይገዛም፣ ሙቀቱን ብቻ ወስዶ ይመጣል።" ሁሉም ሳቁ። ኢንስፔክተሩም ግድግዳውን ነኩት።

ከዚያ የውሃ ቧንቧው ጋ ሄድን። ባልዲ የሚሸከሙ ሴቶች የሚያርፉበትን፣ በብዙ ዓመት ቂጥና ባልዲ መሀሉ የጎደጎደውን ድንጋይ አስነካን። ከዚያ ወደ ሰፊው ባዶ ሜዳ ወጣን። የእግር መንገዱ በመሀሉ ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ እንደ ግማሽ ክብ ዞሮ እንደገና ቀጥ ይላል። ሃምሳችንም ዞርን። አባቴም ዞረ። ኢንስፔክተሩም ዞሩ።

"አሁን ለምን ዞርን?" አለ አባቴ።

ማንም አላወቀም። ከዚያ "የግድግዳው ረድፍ አንደኛ ነኝ" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ሜዳ ላይ መሆናችንን ረስቶ ነው። "አሮጊቷን ጎረቤታችንን ጠይቄ ነበር። እሷ ልጅ እያለች እዚህ ትልቅ ዛፍ ነበረ አለችኝ። ተቆርጦ ካለቀ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል።"

"ዛፉን የሚያስታውስ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርታለች፣" አለ አባቴ። "ከተማው ሁሉ ግን ዛሬም እየዞረው ያልፋል። ትምህርታችን ይሄ ነው።"

ኢንስፔክተሩ ለረጅም ጊዜ መንገዱን ተመለከቱ። ከዚያ ድንገት ወደ ሜዳው ማዶ ጠቁመው፣ "መምህር፣ ያ ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?" አሉ።

ሰንደቅ አፏን ከፈተች። አባቴ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጎ ዝም አሰኛት።

"አላየሁትም ጌታዬ፣" አለ። "እርስዎንም አላየሁዎትም። ነገሩ ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።"

አባቴ የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ከእኔ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰንደቅ ፊቷን አዙራ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ደብተራቸውን አዩ፣ በዙሪያቸው ያሉትን ጠባብ መንገዶች አዩ። "ለመሆኑ አሁን የት ነው ያለነው?" አሉ።

"ከትምህርት ቤቱ ጀርባ። በአናጢው በኩል አራት መቶ እርምጃ ነው።"

"እኔ ጨርሶ ጠፍቶብኛል። በአሥር ሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት እጠበቃለሁ። በሉ ይምሩኝ፣" አሉና ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱ። አባቴ የሰንደቅን ትከሻ ለቆ ከፊት ከፊት መራቸው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ስለ ንብረት ክፍል ከዚያ ወዲያ የተነሳ ነገር የለም። ኢንስፔክተሩ ወረቀት የሚያነብለት አንድ ረዳት እንዲመደብለት ጻፉ። አባቴ አሥራ አንድ ዓመት ጨምሮ አስተማረ። መደበቅ ስለቀረ ለእኔም ነገሩኝ፤ የሚፈራው መምህር ታሪክ በዚያው አከተመ።

የካርታው ታሪክ ግን አላከተመም። ያን ዕለት እቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ "አለፈ" አላት። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ትልልቅ ሰዎች ደስ ሲላቸው ለምን እንደሚያለቅሱ አይገባኝም ነበር። ከዚያ ካርታውን ከእጁ ተቀብላ ፈታችው። የእኔ ሰዓት ደረሰ ብዬ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

እጇን ካርታው ላይ አሳለፈች። "ክሮቹስ?" አለች።

"እኔ ነኝ ያስወገድኳቸው፣" አለ አባቴ። "ትላንት።"

"አንተ?"

"በዳበሳ ከማስተምር በራሴ ጭንቅላት ልሥራ ብዬ ነው።"

እናቴ ካርታውን ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አቆመችውና የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። እኔ ተናድጄ ልፈነዳ ነው። የገዛ አባቴ ሥራዬን ሰረቀኝ! ተከትዬው ጓሮ ወጣሁ።

"አባዬ ለምን ትዋሻለህ? እኔ ነኝ እኮ ያጸዳሁት!"

ቁጢጥ አለና በእጁ ፊቴን ፈልጎ አገኘው። "አውቃለሁ፣" አለ። "እንዳንቺ አጥርቶ የሚቆርጥ ማን አለ? አንዲት ክር አልቀረችም።"

"ታዲያ ለምን የእኔ ነው አልካት?"

"ምን ላርግ፣ እኔም አንዳንዴ መመስገን ያምረኛል፣" አለ። "ይቺን እንኳ ለእኔ ተይልኝ። ለእማዬም እንዳትነግሪብኝ።"

አሳዘነኝ። ትልቅ ሰው ሆኖ ምስጋና መለመኑ! "እሺ፣ ውሰደው፣" አልኩት። ሬዲዮ የተባልኩት ልጅ በሕይወቴ የጠበቅኩት ትልቁ ምስጢር ያ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ቤታችን ጭር ብሎ ነበር፤ እናቴ ደክሟት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። የዓይኑን ነገር ካወቅኩ በኋላ እንኳ ክሮቹ ምን ሊሠሩ እዚያ እንደነበሩ ቆም ብዬ አላሰብኩም። የምኮራበትን ነገር ምን ብዬ ልመርምር?

ባለፈው እሁድ ልጆቼን ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ምሳ ላይ ለልጆቼ ስለ ጉብዝናው ሲደሰኩርላቸው ዋለ። ኩሽና ገብተን ሳህን ስናጥብ፣ "ይሄ ሰውዬ ምስጋና ሲወድ!" አልኩ ለእናቴ እየሳቅኩ። "ድሮም እኮ የእኔን ሥራ ወስዶብኝ ያውቃል። ያን የካርታ ክር ሁሉ ለቅሜ ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ግን እሱ መስሎሽ ቀረ።"

የእናቴ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

"አንቺ ነሽ?" አለች።

ፊቷን ሳይ ሳቄ ጠፋ። እጇ እንደረጠበ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እኔ ትምህርት ቤት በምሄድበት ጠዋት ጠዋት፣ ወንዙንም ተራራውንም ከተማውንም በጣቱ ዳብሶ እንዲያገኘው እንደሰፋችለት ነገረችኝ። መርፌው ካርታውንና የጀርባውን ጨርቅ አልበሳ እያለ ጣቷ ደምቶ ነበር። "ሁለት መቶ ምናምን ቋጠሮ ነው፣ ቁጥሩንም ረስቼዋለሁ፣" አለች። "እሱ ግን ሊፈተን አንድ ቀን ሲቀረው በዳበሳ ከማስተምር ብዬ አስወገድኩት አለኝ። ሥራዬን ናቀው አልኩ። አንድ ቀን አላነሳሁበትም። ግን ይዤበት ነበር።"

"እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ።"

ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ላብ ያጠመቀው ግንባሩ፣ ካርታው ላይ የተዘረጋው መዳፉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የተቁነጠነጥኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አፈርኩ። ከዚያ አለቀስኩ። አባቴ የዘጠኝ ዓመት ልጁ እንዳትሰበር ብሎ የሚስቱን ቅሬታ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ ኖሯል፤ እኔም ምስጋና ይወዳል እያልኩ አምቼዋለሁ።

እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ በረንዳው ወጣች። ተከተልኳት። አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"የካርታውን ክር የቆረጠችው እሷ ናት?" አለችው።

ራሱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። "ማን አለ?"

"ራሷ።"

"ዘጠኝ ዓመቷ ነበር እኮ፣ ምን ታስታውሳለች? እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ እኔ ነኝ፣" አልኩ። "አሁን ገብቶኛል። ተወው በቃ።"

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ!" አለ፤ ክፍል ውስጥ ያልተቆጣው ሰውዬ ተቆጣ።

እናቴ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ሌላኛውን ወንበር ጉልበታቸው እስኪነካካ ድረስ አስጠግታ ተቀመጠችና እጇን እጁ ውስጥ አደረገች። "እሺ፣ አንተ ነህ፣" አለችው።

አባቴ የጣቶቿን ጫፍ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ነበር።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ፣" አለ። "የመጀመሪያዋ ከግራው ጠርዝ ሁለት ስንዝር ነበረች፤ ቀጭን፣ የወንዙ ምንጭ። ሁለተኛዋ ከእሷ ሁለት ጣት ወደ ታች፣ ወፈር ያለች፤ ሁለት ጊዜ ቋጥረሻት ነበር። ሦስተኛዋ..."

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። የቀረውን ሳህን ብቻዬን አጥቤ ስመለስ ገና ስልሳኛዋ ላይ ነበር።